ከበሩ ወዲያ ያለችው ልጅ

«ዛሬስ እንዳታስጠብቂኝ» ትላለች እናቲቱ፣ ለተዘጋ በር።

ልጅቷ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ኮሪደሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ልጅቷ እንላታለን እንጂ ዕድሜዋስ አርባን እያንኳኳ ነው፤ ግን ባልም ልጅም ሳይኖራት ከእናቷ ጋር የምትኖር ሴት ፀጉሯ እስኪሸብት «ልጅቷ» ናት፣ ምን ይደረግ። ጎህ ገና መቅደዱ ነበር። በኮሪደሩ መስኮት የገባው ደብዛዛ ብርሃን እናቷን ከወገብ በላይ ብቻ ያሳያታል። የሌሊት ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ግንባሯን ከማንበቢያ ክፍሉ በር አስደግፋ ቆማለች። በቀኝ እጇ በሩን ትደባብሳለች፤ ጥፍሮቿ እንጨቱ ላይ ሲሄዱ ፍቅፍቅ፣ ፍቅፍቅ ይላሉ። «ትናንትም መጣሁ አልሽኝ፣ ከትናንት ወዲያም መጣሁ አልሽኝ። እኔስ ሥራ የለኝ፣ መጠበቁ አይከብደኝም። አንቺ ውሸታም እንዳትሆኚብኝ ብዬ ነው እንጂ፣ ልጄ።» ከዚያ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ትንሽ ቆየችና አንድ ሰው አንድ ነገር የመለሰላት ይመስል ሳቅ አለች፤ ራሷንም «እሺ፣ እሺ» እያለች ነቀነቀች።

ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ማታ የቆለፈችው ልጅቷ ራሷ ናት፣ ቁልፉም ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ቀን ቀን ወተት ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ላብራቶሪ ትሠራለች፤ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ቁጭ ብላ የምታነብበት ጊዜ ስለሌላት፣ ማወቅ ያለባትን ሁሉ በገዛ ድምፅዋ እያነበበች ስልኳ ላይ ትቀዳውና ሥራ ላይም፣ መንገድ ላይም፣ ሽንኩርት ስትከትፍም ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትሰማዋለች። የእናቷ ዓይን ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ቤቱ ፀጥ ካለ እናት ተነስታ ግድግዳ እየዳበሰች ልጇን ፍለጋ ትዞራለች። አንድ ቀን ደጁ ደረጃ ላይ ወድቃ ተገኘች። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ቅጂውን ማንበቢያ ክፍሉ ውስጥ ሳታጠፋው ረስታ ወጣች። ስትመለስ እናቷ በሩ አጠገብ ወንበር ስባ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ፊቷ በርቶ ተቀምጣለች። «ጨረስሽ?» አለቻት። ልጅቷም «አዎ፣ ጨረስኩ» አለች። ጣጣውን ሁሉ ያመጣችው ያቺ «አዎ» ናት። ከዚያ ወዲያ አሮጌው ስልክ ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ጠዋት ራሱ ይጀምራል፣ እስከ ማታ ያነባል፣ ሲያልቅም ከመጀመሪያው ይነሣል። እናትም አትዞርም፣ አትወድቅም። ልጅቷ ሳትነጋ ትወጣለች፣ እናቷ ከተኛች በኋላ ትገባለች፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ትጋደማለች። በእሑድም ፈተና አለ፣ ወይ ፋብሪካው ተረኛ ነሽ ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

እና አሁን ስልኩ ገና አልጀመረም። ጆሮ ቢለጥፉበት ምንም የሚሰማ ነገር የለም። መጣሁ የሚል ነገር ደግሞ እሷ እስከምታውቀው ቅጂው ላይ ጨርሶ የለም፤ ቅጂው ስለ ወተት ነው የሚያወራው። ታዲያ ለእናቷ ማን ነው የመለሰላት? ልጅቷ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ሲቆም ታወቃት። «እማ፣ እዚህ ነኝ» ማለት ትችል ነበር። ግን እናቷ እጇን ትይዛታለች፣ ወሬው ይረዝማል፣ የፋብሪካው ሰርቪስ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ቀኑም የዋዛ ቀን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ የመመረቂያ ጥናቷን መርማሪዎች ፊት የምታቀርብበት ቀን ነው። ባለፈው ጊዜ ፋብሪካው አልለቅም ብሏት ቀርታለች፤ ዛሬም ከቀረች የሁለት ዓመት ልፋቷ ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ በካልሲዋ፣ በእግሯ ጣቶች፣ ከእናቷ ጀርባ አለፈች። እናትየው አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አደረገች። «ማነው? እትዬ ቁልፌ፣ አንቺ ነሽ?» አለች፣ ጎረቤታቸው መስላት። ልጅቷ ትንፋሿን ዋጠች። በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ ግድግዳ ተለጥፋ ቆየችና፣ እናቷ ፊቷን ወደ በሩ ስትመልስ ሹልክ ብላ ወጣች። ጫማዋን ያደረገችው ውጭ ደረጃው ላይ ነው።

ሰርቪሱ ውስጥ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ጥሎ ይተኛል። እሷ አልተኛችም። የእናቷ ጥፍር ፍቅፍቅታ ከጆሮዋ አልወጣም አለ። መቼ ነው እንደዚያ የረዘመው? ዓይኗ ከጠፋ ጀምሮ የእናቷን ጥፍር የምትቆርጠው እሷ ነበረች፤ እናትየው በዚህ ነገር ለሌላ ሰው እጇን አትሰጥም፣ ሥጋዬን ይነኩኛል ትላለች። ልጅቷ ለመጨረሻ ጊዜ የቆረጠችላትን ቀን ለማስታወስ ሞከረች፣ አቃታት። አእምሮዋ እየሳተ ይሆን ስትልም አሰበች፤ ዓይን የሌለው ሰው ብቻውን ሲውል ሐሳቡ ድምፅ ያወጣል ሲሉ ሰምታለች። ይህን ስታስብ ትንሽ ቀለል አላት፣ ወዲያው ደግሞ በእናቷ ማበድ ቀለል ስላላት በራሷ አፈረች። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን ሰካችና ቅጂውን ከፈተች። ጥናቷ ወተት ሳይታወቅ ስለሚበላሽበት ጊዜ ነው። «ወተት መበላሸቱ በዓይን ከመታየቱ በፊት ይጀምራል» አለች በገዛ ድምፅዋ፣ ለገዛ ራሷ። ይህን ቅጂ ስንቴ እንደሰማችው እግዜር ይወቀው። ጆሮዋ ይሰማል፣ ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ መኪናው ሲያጓራ ግማሹ ያልፋታል፣ መልሳ አትሰማውም።

ፋብሪካው በር ላይ የወተት ታንከሮቹ ተሰልፈው ቆይተዋል። ከእያንዳንዱ ናሙና ይቀዳል፣ ይሸተታል፣ ይለካል፣ በትንሽ ብልቃጥ ከአልኮል ጋር ይነቀነቃል። ወተቱ በብልቃጡ ጎን ልስልስ ብሎ ከወረደ ይገባል፤ ቅንጣት ቅንጣት ካበጀ ታንከሩ ወደመጣበት ይመለሳል፣ ሹፌሩም ዘር ማንዘሯን ይሰድብላታል። ላብራቶሪው ነጭ ሸክላ የተለበጠ፣ ቀዝቃዛ፣ አልኮልና የማጠቢያ ሶዳ የሚሸት ክፍል ነው። ሶዳው እጅ ይበላል። ሥራ ስትጀምር ለስላሳ የነበረው መዳፏ አሁን የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ሆኗል፤ ጓንት ብታደርግም ባታደርግም ያው ነው። ባልደረባዋ ቀጮ የሚሉት ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ደህና ነው፣ ፈተና ባለባት ቀን የሷን ድርሻ ሠርቶ ያውቃል። ፋብሪካው ውስጥ «ማስተርስ» የሚል ስም ያወጣላትም እሱ ነው።

«ማስተርስ፣ ዛሬ ነው አይደል ሠርግሽ?» አላት ብልቃጥ እየነቀነቀ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ። አንቺ ሁለቱም ላይ ወጥተሽ ሦስተኛውን ታያለሽ።»

«ሥራህን ሥራ» አለችው፣ ግን ፈገግ ብላለች።

«ሠርቼ ጨረስኩ። አሁን ጠርቼሽ ነበር እኮ፤ ያንን ናሙና አምጪ ብዬ። መጣሁ አልሽኝ። ይኸው ቆሜ ቀረሁ።»

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «ምን አልኩህ?»

«መጣሁ። ምነው? ሁልጊዜ የምትዪው ነው። አንቺማ መጣሁ ስትዪ ሰው ወንበሩን ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ነው ያለበት።»

«አላልኩም።»

«ኧረ ባክሽ! ያቺን ጆሮሽ ላይ የሰካሻትን ነገር ንቀይና ራስሽን ስሚ» አለና ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። ልጅቷ ማዳመጫውን ነቅላ ኪሷ ከተተች። አፏ ከእሷ ተደብቆ ሲናገር መዋሉን እስከዛሬ ማንም አልነገራትም ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራውን በፀጥታ ሠራች፤ አፏን ገጥማ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ የሚያመልጥ ነገር እንዳለው ሰው።

ምሳ ሰዓት ላይ ፈቃዷን ይዛ ልብሷን ሳትቀይር ወደ ጎረቤቷ ደወለች። ይቺ ጎረቤት የግቢው ሰው ሁሉ ሲወጣ ቁልፉን እሷ ዘንድ ስለሚያስቀምጥ ስሟ እትዬ ቁልፌ ሆኖ ቀርቷል። ለእናቲቱ ምሳ የምታቀርበውም እሷ ናት።

«እትዬ፣ እማዬ እንዴት ዋለች?»

«ደህና ናት። ካንቺ ጋር እየተጫወተች ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ካንቺ ጋር ነዋ፣ ከዚያ ከማሽንሽ! ምሳዋን ባቀርብላት እምቢ አለችኝ። ልጄ መጣሁ ብላኛለች፣ ስትወጣ አብረን እንበላለን ትለኛለች። ትናንትም ሁለት ጉርሻ አይሆንም የበላችው። ጥፍሯማ የጭልፊት ጥፍር ሆኗል፤ ልቁረጥልሽ ብላት እጇን ነጠቀችኝ። ልጄ ትቆርጥልኛለች፣ መጣሁ ብላለች አለች። ኧረ አንቺ ልጅ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ!»

«እትዬ፣ እዚያ ላይ መጣሁ የሚል ነገር እኮ የለም። እማዬ… እንጃ፣ ጆሮዋ አሳስቷት ይሆናል።»

  «ስሚኝ» አለች እትዬ ቁልፌ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የእኔ ጆሮ ደህና ነው። ትናንት ሳህኑን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። ልጄ የሚል ጥሪ ሰማሁ፤ ከዚያ አንቺ ከውስጥ፣ መጣሁ እማዬ አልሽ። ልክ አሁን እንደምታወሪኝ። መጥተሽ ነው ብዬ እኮ ደስ አለኝ። በሩን ብገፋው ተቆልፏል። በስመአብ ብዬ ወጣሁ፤ ለእናትሽም ለማንም አልተናገርኩም።»

ልጅቷ አንድ ያልታጠበ የወተት ጋን ላይ ቁጭ አለች። «አጥፉት እትዬ። ግቡና አጥፉልኝ።»

«በምን ልግባ? የአገሩን ቁልፍ ሁሉ ይዤ ያንቺን ብቻ የለኝም!»

እውነት ነው፤ ቁልፉ ያለው እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቤቷ በከተማው በዚያኛው ጫፍ፣ ትምህርት ቤቱ በዚህኛው ጫፍ። ሄዳ ልመለስ ብትል አትደርስም። መሄድና መቅረትን መዘነች፤ ሁለት ዓመቷን፣ የተሰነጠቀ እጇን፣ ሶፋው ላይ ያደረችውን ሌሊት ሁሉ በአንድ ወገን አደረገች፤ በሌላው ወገን ምሳ አልበላም ያለች እናት አለች። ከጨረስኩ በኋላ እኮ ሁሌም ቤት ነኝ አለች ለራሷ፤ ከዛሬ በኋላ እማዬን ማን ይነጥቀኛል? «እንግዲያውስ መጣሁ በሏት» አለችና ስልኩን ዘጋች። የተናገረችውን ያወቀችው ከዘጋችው በኋላ ነው።

የማቅረቢያው ክፍል ጠባብና ሞቃት ነበር። ከረጅሙ ጠረጴዛ ወዲያ አማካሪዋ፣ አንዲት መነጽር ያደረገች መርማሪና አንድ ሽበታም መርማሪ ተቀምጠዋል። ወደ ውጭ የሚያወጣው በር ከእነሱ በስተቀኝ ነው። ልጅቷ ጀመረች። አንደበቷ ዘይት እንደተቀባ ጎማ ይንሸራተት ጀመር፤ አንድም ቃል አልጠፋባትም፣ አንዴም ወረቀቷን አላየችም። አማካሪዋ በደስታ ራሱን ይነቀንቃል። እሷን ግን ቅዝቃዜ ይወርራት ጀመረ፣ ምክንያቱም የምትናገረው እሷ አልነበረችም። ቅጂው ላይ ትንፋሽ የወሰደችበት ቦታ ላይ ትንፋሽ ወሰደች። ቅጂው ላይ ጉሮሮዋን የጠረገችበት ቦታ ሲደርስ፣ ምንም ሳይከረክራት ጉሮሮዋን ጠረገች። ዝም በይ ብትባል እንኳ እንደማትችል ታወቃት፤ ነገሩ እስኪያልቅ በአፏ በኩል ማለፍ ነበረበት።

«በዚህ ደረጃ ላይ» አለች፣ «የወተቱ መልክም ሽታም አልተለወጠም፤ የሚጠጣውም ሰው ትኩስ ነው ብሎ ያምናል። መበላሸቱ ግን ከጀመረ ቆይቷል። መጣሁ እማዬ፣ አንድ ገጽ ብቻ ነው የቀረኝ። ስለዚህም የማቆያው ሙቀት መጠን…»

አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሄዳ ነው ፊታቸውን ያየችው። አማካሪዋ ራሱን መነቅነቁን ትቷል። መነጽር ያደረገችው መርማሪ ዞራ በሩን ታያለች። በሩ እንደተዘጋ ነው።

«ማን ነው የመጣው?» አለ ሽበታሙ።

ልጅቷ ያኔ ትዝ አላት፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ይህንኑ ምዕራፍ እየቀዳች። በሩ በቀስታ ተንኳኳ። «ልጄ፣ ጥፍሬን ትቆርጪልኝ?» አለች እናቷ ከውጭ። ልጅቷም መቅጃውን ብታቆመው ከሥር መጀመር ሊሆንባት ነው፤ እናም ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል «መጣሁ እማዬ፣ አንድ ገጽ ብቻ ነው የቀረኝ» አለችና ማንበቧን ቀጠለች። አንዱ ገጽ ምዕራፍ ሆነ፤ ምዕራፉም ሲያልቅ መሸ። እናቷ መልሳ አልጠየቀችም። ይኸው ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየቀኑ፣ በቀንም ደጋግሞ፣ ያቺ ክፍል ውስጥ ያለችው ልጅ መጣሁ ትላለች፣ አትመጣም። የሚመልሰው ማንም አልነበረም፤ እሷው ራሷ ነበረች። ጠዋት ሰይጣን መስሏት የፈራችው ነገር የገዛ አመሏ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ማወቋ ከሰይጣኑ የባሰ አስፈራት።

«ይቅርታ» አለች። እንደምንም ጨረሰች። ጠየቋት፣ መለሰች። ወጥተሽ ጠብቂ ተባለች፣ ጠበቀች፣ ተጠራች። ከጥቂት ማስተካከያ ጋር አልፈሻል አሏት፤ አማካሪዋ እጇን ጨብጦ ነቀነቀው። መርማሪዋ መነጽሯን እያወለቀች ጠጋ አለቻትና «እናትሽ ውጭ እየጠበቁሽ ነው እንዴ? ግቡ በያቸው እንጂ፣ ደስታ አይደል» አለቻት።

«ቤት ናት» አለች ልጅቷ። «ቤት ነው የምትጠብቀኝ።»

የቤቷ ግቢ በር ላይ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። የእትዬ ቁልፌ በር ዝግ ነው፤ የምሳው ሳህን ሳሎን ጠረጴዛው ላይ እንደተከደነ አለ። የገዛ ድምፅዋን የሰማችው ጫማዋን ሳታወልቅ ነው። ከውጭ ሆና ሰምታው አታውቅም ነበር። ረጋ ያለ፣ የሚያቅፍ፣ ጊዜ ያለው ሰው ድምፅ ነው፤ እሷ ራሷ እንደዚያ የምታወራው ሰው በዚህ ዓለም ላይ የለም። እናቷ በሩ አጠገብ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። ልጅቷ ወደ እሷ ሮጣ ሄዳ ተንበረከከች።

«እማ! እማዬ፣ መጣሁልሽ።»

«እሽሽ…» አለች እናቷ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። «ቀስ ይበሉ። ልጄ እያነበበች ነው።»

 ከተወለደች ጀምሮ አንቺ ያለቻት እናቷ እርስዎ አለቻት፤ እንደ እንግዳ፣ በትሕትና። «እማ፣ እኔ ነኝ እኮ። ልጅሽ ነኝ።»

እናትየው ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች፣ ከዚያ ወደ በሩ፣ ከዚያ መልሳ ወደ ድምፁ። አልተቆጣችም። «ድምፅዎ የልጄን ይመስላል» አለች። «ልጄ ግን ይቺውና፤ አይሰሟትም?»

«ስልክ ነው እማ! ውስጥ ያለው ስልክ ነው።»

«እሱን ጎረቤቴም ብላኝ ነበር» አለች እናትየው፣ ለተሳሳተ ልጅ እንደሚያዝኑት አዝና። «ስልክ ሲጠሩት ይመልሳል? ይቺ ትመልስልኛለች። ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ትመልስልኛለች።» እጇን ዘረጋችና የልጅቷን መዳፍ አገኘች፤ ዳሰሰችው፤ ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ተከተለች። «ምስኪን፤ ብዙ የሠራ እጅ ነው። የልጄ እጅ ለስላሳ ነው፣ ከእስክሪብቶ በቀር የሚነካው ነገር የለም። የመድኃኒት ሽታም አለዎት። ከሐኪም ቤት ነዎት?»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ ሳታሰማ ልታለቅስ ሞከረች፣ አልሆነላትም። እናትየው መዳፏን ይዛ መታ መታ ታደርጋት ነበር፣ የማያውቁትን ሰው እንደሚያጽናኑት። ያኔ ከበሩ ወዲያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ከሩቅ፣ የእናቷ የገዛ ድምፅ። «ልጄ፣ ጥፍሬን ትቆርጪልኝ?» ወንበሩ ላይ ያለችው እናትም ከንፈሮቿ አብረው ሲንቀሳቀሱ ልጅቷ አየች፤ ጠዋት ስልኩ ሳይጀምር ያዳመጠችውም ይህንኑ በቃሏ የያዘችውን ነበር።

«መጣሁ እማዬ፣ አንድ ገጽ ብቻ ነው የቀረኝ» አለ ድምፁ።

የእናትየው ፊት በራ። «ሰሙ?» አለች። የእንግዳዋን እጅ ለቀቀች። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስተካከለች፣ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ሁለት እጆቿን ጣቶቿን ዘርግታ ጉልበቷ ላይ አኖረች፤ ጥፍሮቿ ረጃጅሞች፣ የተጣመሙ፣ ንጹሕ ናቸው። ጠበቀች። ድምፁ ማንበቡን ቀጠለ። የዚያ ፊት ብርሃን ቀስ እያለ፣ ደግሞ ቀስ እያለ፣ ሲጠፋ ልጅቷ እዚያው ፊት ለፊቱ ተንበርክካ አየችው። ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። እሷ ታንከር ስትመልስና ስታስገባ፣ እሷ ትምህርት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስትጽፍ፣ እዚህ ይሄ ይሆን ነበር።

ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፉን አወጣች። ቁልፉ በሩ ውስጥ ሲዞር እናትየው ደንግጣ «ኧረ ይተዉ! አይረብሿት፣ ትቆጣለች!» አለች። ልጅቷ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ክፍሉ አቧራ አቧራ ይሸታል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቀይ መብራቱን እያበራ ያነባል፤ ስትነካው ሰውነት ይመስል ይሞቃል። የሥራ ልብሷን አወለቀች። ወንበሩ መደገፊያ ላይ ያቺ እሑድ ለብሳው የነበረው አሮጌ ሹራብ እስካሁን እንደተንጠለጠለ ነው፤ አጥልቃው እጅጌውን እስከ ጣቶቿ ጫፍ ሳበችው። ከዚያ ስልኩን መሀል ዓረፍተ ነገር ላይ አጠፋችው። ቤቱ ጭር አለ። ውጭ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች፤ እናቷ ልትነሣ ነው፣ ልትፈልግ ነው። ልጅቷ አፏን ከፈተች። የገዛ ድምፅዋ የእሷን ድምፅ ባይመስልስ ብላ ፈራች።

«ጨረስኩ እማዬ» አለች። «መጣሁ።»

በሩን ከፍታ ወጣች። እናቷ በሁለት እጇ ፊቷን ያዘችው፤ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አሁንም ያልደረቀ ጉንጯን። ረጃጅሞቹ ጥፍሮች በቀስታ ቧጠጧት። «ዘገየሽ» አለች።

«ዘገየሁ፣ እማ።»

ወለሉ ላይ፣ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። እጅጌዋን ከመዳፏ ሳትሰበስብ የእናቷን ጣት አንድ በአንድ እየያዘች ጥፍሯን ትቆርጥ ጀመር። እናትየው ዓይኗን ጨፍና፣ ተመቻችታ፣ ስለ ምሳው፣ ስለ እትዬ ቁልፌ ለፍላፊነት አወራቻት። ዛሬ ምን አነበብሽ አለቻት፣ ስለ ወተት ነው አለቻት፣ ጎሽ አለቻት። አንዱ እጅ ሲያልቅ ጎንበስ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቅድም አንዲት ሴት መጥታ ነበር፣ አየሻት? ሥራ ያጎሳቆላት ሴት ናት። ምን ሆና እንደሆነ እንጃ፣ እዚህ ሥሬ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ነበር። ከዚያ ወዳንቺ ገባች፣ አልወጣችም።»

የጥፍር መቁረጫው ቆመ።

«እንዳትቆልፊባት» አለች እናቷ። «ሳይመሽባት ሸኚያት፣ ልጄ። የምትጠብቃት እናት ትኖር ይሆናል።»

ልጅቷ እንደ አመሏ «መጣሁ» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ሌላኛውን እጅ ሳበች።